በጥቢ የተተከለ ጓሮ ሚያዝያ ላይ እንዳይደርቅ፦ ለጎንደር ግቢ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

እንቁጣጣሽ ላይ የማያምር ግቢ የለም፣ ችግሩ ጥር ላይ ነው የሚመጣው። በየዓመቱ ጥምቀት አለፍ ሲል ጎረቤቱም ዘመዱም እየደወለ «ጎመኑ ቢጫ ሆነብኝ፣ አበባው ረገፈ፣ ምን አጥፍቼ ነው» ይለኛል፣ ሄጄ ሳየው ደሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያው ነው። ሰው ግቢውን የሚነድፈው መስከረም ላይ ያየውን ይዞ ነው፣ መስከረም ላይ አፈሩ ርሷል፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ውሃው ከሰማይ ነው። ጓሮው ግን የሚኖረው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ጊዜ ነው። ስለዚ እዚህ ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ ለደረቁ ወራት የተሠራ ነው፣ አታዛቡት። በተለይ ደረጃ 1ን እና 2ን ሳትጨርሱ ችግኝ አትግዙ፣ በናታችሁ።

መቼ ይጀመር

ከመስቀል ማግስት ጀምሩ። ወርኃ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን፣ ለኛ አገር ግቢ ከሱ የተሻለ ጊዜ የለም፣ ከባዱ ዝናብ አቁሟል አፈሩ ግን እርጥበቱን ገና አልጨረሰም። የመጀመሪያዎቹን 10 ቀናት ለመለካትና ለማየት ብቻ ስጧቸው፣ ዶማ አታንሱ።

ምን ላዘጋጅ

20 የሚሆን አጭር ካስማ፣ ሲባጎ፣ ሜትር፣ ዶማ፣ አካፋ፣ መኮትኮቻ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ክዳን ያለው ጠርሙስ፣ የተነፋ የእንጨት አመድ፣ አንድ ደብተር። ደብተሩን የሚንቅ ሰው አለ፣ እኔ ግን ከዶማው በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት የት ምን እንደደረቀ የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ውሃችሁን ቁጠሩ

የግቢው ስፋት የሚወሰነው በመሬታችሁ አደለም፣ በውሃችሁ ነው። ጎንደር ላይ ቧንቧ በፈረቃ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚ ሂሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ።

በበጋ 1 ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይጠጣል። ማለት አንድ ጀሪካን 4 ወይ 5 ካሬ ያጠጣል፣ በቃ፣ ከዛ አያልፍም። አሁን እንዲ አድርጉ፦

1. ለ2 ሳምንት ቧንቧ በመጣ ቁጥር ስንት ጀሪካን እንደሞላችሁ ጻፉ፣ ለቤት የዋለውን ቀንሱ።
2. የተረፈውን ለ14 ቀን አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር የቀን ትርፋችሁ ነው።
3. እሱንም በግማሽ ቀንሱት። የመስከረም ውሃ የመጋቢት ውሃ አደለም።
4. የቀረውን ወደ ሊትር ቀይሩት (አንዱ ጀሪካን 20 ሊትር ነው)፣ ከዛ ለ5 አካፍሉት። ያ ነው መሥራት የምትችሉት ካሬ ሜትር።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጣል ምክንያቱም ውጤቱ 4 ወይ 6 ካሬ ነው። ይሁን። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሳልቆጥር 24 ካሬ መደብ ሠራሁ፣ ኅዳር ላይ ሰው እየመጣ ፎቶ ይነሳበት ነበር፣ ጥር ሲገባ ግን በቀን ከ5 ጀሪካን በላይ መሸከም ነበረብኝና አልቻልኩም፣ ዓይኔ እያየ ከዳር ጀምሮ ደረቀ። የተረፈው ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ የነበረው 6 ካሬ ነው፣ ዛሬም የማለማው እሱኑ ነው፣ ከ24ቱ የበለጠ ምግብ የሚሰጠኝም እሱ ነው።

የጣሪያ ውሃ፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ቆርቆሮ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 400 ሊትር ይወርዳል፣ የሚባክነው ተቀንሶም ከ300 በላይ ይያዛል፣ ባለ 1000 ሊትር ሮቶ በ3 ወይ በ4 ጥሩ ዝናብ ሞላ ማለት ነው። ግን በቀን 25 ሊትር ከቀዳችሁበት በ40 ቀን ያልቃል። ስለዚ በመጨረሻዎቹ የመስከረም ዝናቦች ሙሉት፣ ክደኑት፣ እስከ የካቲት አትንኩት። የመጀመሪያውን የክረምት ዝናብ አትያዙ፣ የቆርቆሮውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚወርደው።

ማስጠንቀቂያ፦ በርሜልም ይሁን ሮቶ ክዳን ከሌለው ቢንቢ ይራባበታል፣ ሕፃን ላለበት ቤት ደሞ አደጋ ነው። በወንፊት ሽቦ ሸፍናችሁ ክዳኑን እሰሩት።

እጣቢ ውሃ፦ አትክልትና እህል የታጠበበት ውሃ የትም ይሂድ ችግር የለውም። የልብስ እጣቢ በረኪና ከሌለበት ለዛፍና ለአበባ ሥር ይሆናል፣ ለሰላጣና ለካሮት ግን በፍጹም።

ደረጃ 2፦ የታኅሣሥን ጥላ ከአሁኑ ለኩ

ይሄን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፣ ብዙ ጓሮ የሚሞተው ግን በዚ ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። መስከረም ላይ እኩለ ቀን ፀሐይዋ አናታችን ላይ ልትሆን ትንሽ ነው የሚቀራት፣ 2 ሜትር አጥር ከግማሽ ሜትር ያነሰ ጥላ ነው የሚጥለው። ታኅሣሥ ላይ ግን ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታዘቀዝቃለች፣ ያው 2 ሜትር አጥር እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን 1 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል፣ ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት አካባቢ ደሞ ጥላው ከአጥሩ 2 ሜትር ድረስ ይርቃል። መስከረም ላይ ፀሐይ ሞልቶት ያያችሁት ቦታ ታኅሣሥ ላይ ቀኑን ሙሉ ጥላ ሆኖ ይውላል።

አለካኩ እንዲ ነው፦

1. ጠዋት ፀሐይ መውጫን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ቁሙ። ደቡብ በቀኝ እጃችሁ ነው።
2. በደቡብ በኩል ያለውን አጥር ወይ ቤት ቁመቱን ለኩ።
3. ያንኑ ቁመት ያህል ከአጥሩ ወደ ውስጥ ለክታችሁ ካስማ ትከሉ፣ ሲባጎ ዘርጉ።
4. በአጥሩና በሲባጎው መሃል ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት አትትከሉ። ቦታው ለኮምፖስት ክምር፣ ለሮቶ፣ ለመቀመጫ፣ ቢበዛ ለሰላጣና ለቆስጣ ይሁን።

ፍሬና ሥር የሚሰጥ አትክልት ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥታ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ቅጠል የሚበላው በ4 ሰዓትም ይኖራል። በሰሜን በኩል ያለው አጥር ግን በበጋ ጥላው ወደ ውጭ ነው፣ ከፊቱ ያለው መሬት የግቢያችሁ ወርቅ ነው፣ እዛ ጋ ቆሻሻ አትከምሩ።

ደረጃ 3፦ ሰፈሩን ዙሩ፣ ከዛ ቡና አፍሉ

የግቢ ሐሳብ ከስልክ ላይ አትፈልጉ፣ ሌላ አገር ሌላ አየር ላይ የተነሳ ፎቶ ነው። በእግራችሁ ዙሩ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ገብታችሁ ከነዛ ዛፎች ሥር ቁሙና በቀትር ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ልብ በሉ። ፋሲል መዋኛ ሂዱና የዛፎቹ ሥር ግንቡን እንዴት አቅፎ እንደያዘው ተመልከቱ፣ ለዓይን ያምራል፣ የናንተን የብሎኬት አጥር ግን እንዲያቅፍ አትፈልጉም፣ ስለዚ ዋርካም ሾላም ትንሽ ግቢ ውስጥ አታስገቡ።

ከዛ የሰፈር ውይይት አዘጋጁ። ትልቅ ስብሰባ አደለም፣ ከ6 እስከ 10 ሰው ይበቃል፣ ሁሉም የሚመቸውን ቀን ምረጡ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ጥሩ ነው።

1. ውይይቱ የሚደረግበት ግቢ የሚመረጠው በማማሩ አይሁን፣ ባለፈው በጋ የደረቀበትን ሰው ግቢ ምረጡ። ካማረ ግቢ ሰው አድንቆ ይሄዳል፣ ከደረቀ ግቢ ግን ይማራል።
2. እንግዳው ሁሉ 2 ነገር ይዞ ይምጣ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዘርና የታመመ ቅጠል። ቅጠሉ በላስቲክ ታስሮ ይሁን፣ በሽታ እንዳይዛመት። ዘሩ ላይ ስሙና የተለቀመበት ወር ይጻፍ፣ ያልተጻፈበት ዘር አትቀበሉ።
3. አቦል እስኪፈላ ግቢውን አብራችሁ ዙሩ፣ ማንም አያስተምር፣ ይታይ ብቻ። ቶና ላይ እያንዳንዱ ሰው አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ «ሚያዝያ ላይ ምን ተረፈልህ?» በረካ ላይ ዘር ተለዋወጡ።
4. ታላላቆችን አስቀድሙ፣ ወጣቱ ስልኩን ይዞ ይቅረጽ። ከቻላችሁ የግብርና ባለሙያ ጥሩ፣ ሲጠሩት ደስ የሚለው ብዙ ነው።

ታላላቆችን አስቀድሙ ያልኩት ለወጉ ብዬ ብቻ አደለም። ጎረቤታችን እማማ አንድ ቀን ቡና ላይ ቁጭ ብለው ወደ መደቤ እያዩ «ልጄ፣ አጥሩ ሳይሠራ'ኮ ፈሳሽ በዚህ ነበር የሚወርድ» አሉኝ። አልሰማሁም። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ዘነበና መደቡን ከነአፈሩ ይዞት ሄደ፣ ልክ እሳቸው በጣታቸው ባሳዩኝ መስመር።

ውይይቱ ወደ ፖለቲካና ወደ ኑሮ ውድነት ከሄደባችሁ ተነሱና መደቡ ጋ ሂዱ፣ እጅ አፈር ሲነካ ወሬው ይመለሳል።

ደረጃ 4፦ አፈሩን ፈትኑ

ወደ አዘዞ በኩል ዋልካ ይበዛል፣ ወደ ዳገቱ ቀይና ድንጋያማው ይበዛል፣ ግን በአንድ ግቢ ውስጥም ሊለያይ ይችላል፣ በተለይ ቤት ሲሠራ የወጣ አፈር ከተደፋበት። 3 ቦታ ፈትኑ።

በእጅ፦ አፈሩን አርጥባችሁ በመዳፋችሁ አሹት፣ በጣታችሁ እየገፋችሁ እንደ ጥብጣብ አውጡት። ሳይቆረጥ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዛ በላይ ከወጣ ዋልካ ነው፣ ውሃ ይይዛል ግን አየር የለውም። ጥብጣብ ሳይሠራ ከፈረሰ አሸዋማ ነው።

በጉድጓድ፦ 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉና ይስረግ፣ ድጋሚ ሙሉት። በነጋታው ውሃው አሁንም ካለ ያ ቦታ መደብ ከፍ ሳይል ምንም አይበቅልበትም። በ1 ሰዓት ውስጥ ጭራሽ ከጠፋ ደሞ ፍግ በብዛት ይፈልጋል።

በጠርሙስ፦ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ፣ በደንብ ናጡት፣ አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ይወርዳል፣ ደለሉ በሰዓታት፣ ጭቃው በነጋታው። ንብርብሩን በማስመሪያ ለክታችሁ ደብተራችሁ ላይ ሳሉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ዋልካ ርጥብ እያለ አትቆፍሩ አትርገጡም። ጨብጣችሁ ስትለቁት እጃችሁ ላይ እንደ ሳሙና ከለጠፈ ጠብቁ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን። ሳትጠብቁ የቆፈራችሁት ጓል ደርቆ ጡብ ይሆናል፣ እስከሚቀጥለው ክረምት አይፈርስም።

ደረጃ 5፦ ንድፉን መሬቱ ላይ ሳሉ

ወረቀት ላይ መሳል ደስ ይላል ግን ወረቀት ላይ እግር የለም። ካስማና ሲባጎ ይዛችሁ ውጡ።

1. መጀመሪያ መንገዱን። ቤተሰቡ በየቀኑ የሚረግጠውን መስመር (ከበር ወደ ሽንት ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ ልብስ ማስጫው) በሲባጎ አስምሩ። እሱን መንገድ በአበባ አትዝጉት፣ ሰው አበባውን ይረግጠዋል እንጂ መንገዱን አይቀይርም።
2. መደብ ስፋቱ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ይሁን፣ ከሁለቱም ጎን እጃችሁ መሃሉ ላይ መድረስ አለበት። በአጥር በኩል ከሆነ 60 ሴንቲ ሜትር።
3. በመደቦቹ መሃል ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ። በጀሪካን ተሸክማችሁ ሂዱበት፣ ካሰናከላችሁ አስፉት።
4. የሚቀነጠሰው ሁሉ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ኮሰረት፣ ከወጥ ቤት በር በ10 እርምጃ ውስጥ ይሁን። ከራቀ አትሄዱም።
5. ለዓይን የሚሆነውን አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ፣ እንግዳ በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚያየውን። እዛ ጋ አንድ ጽጌረዳ ወይ ግድግዳ ላይ የሚወጣ ቡገንቢሊያ፣ ከሥሩ ጀራኒየም። አበባን በየቦታው መበተን ግቢውን የተዘበራረቀ ያስመስለዋል፣ ውሃም ይበትናል።

ሲባጎውን 3 ቀን ሳታነሱ ተዉት። ልጆቹ የት ጋ እንደተሰናከሉ፣ በጉ የት እንደሚታሰር፣ ዶሮዎቹ የት እንደሚጭሩ ታያላችሁ። ከዛ አስተካክሉ።

ደረጃ 6፦ ቦይ፣ ካብ፣ መደብ

በዚሁ ቅደም ተከተል። መደብ ሠርቶ ቦይ መቆፈር የሠሩትን ማፍረስ ነው።

ቦዩ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፣ ከላይኛው የግቢ ጫፍ ጀምሮ መደቦቹን ዞሮ ይውረድ። መውጫው ወደ ጎረቤት አጥር እንዳይሆን፣ በዚ የተጣላ ስንት ጎረቤት አለ፣ መጀመሪያ አነጋግሯቸው።

ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ (ጎንደር ላይ ሜዳ ያለው ማን ነው) ድንጋይ ካቡ። የመጀመሪያው ረድፍ ትልልቁ ድንጋይ ይሁን፣ ግማሹ መሬት ውስጥ ይቀበር፣ ካቡ ወደ ዳገቱ ትንሽ ዘንበል ይበል፣ ከኋላው ኮረት ሙሉበት ውሃ እንዲወጣ። ከ1 ሜትር በላይ ከሆነ ግንበኛ ጥሩ፣ ቢናድ ሰው ይጎዳል።

መደቡ በዋልካ ላይ ከመሬት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። አሸዋማና ቶሎ የሚሰርግ መሬት ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ ከመተላለፊያው 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት፣ ውሃ እንዲይዝ። ይሄን ብዙ ሰው ሳያስብ ሁሉንም ከፍ ያደርጋል፣ ከዛ ውሃው በጎን ይወርድበታል።

ደረጃ 7፦ ፍግና ኮምፖስት

ትኩስ ፍግ፣ በተለይ የዶሮ፣ ችግኝ ያቃጥላል። ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ወር ተከምሮ የቆየ ይሁን፣ ሽታው የአፈር እንጂ የአሞኒያ መሆን የለበትም። የቆየውን ለ1 ካሬ ሜትር ግማሽ ባልዲ ያህል በላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቀላቅሉት። አመድ ለብቻው በትንሹ ነስንሱ፣ ከትኩስ ፍግ ጋር አትቀላቅሉት፣ የፍጉን ኃይል ሽታ አድርጎ ወደ አየር ያስወጣዋል።

ኮምፖስት አሁን ከጀመራችሁ ለጥር ይደርሳል፦ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ገለባ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ለምለም ቅጠልና የወጥ ቤት ትርፍራፊ፣ ስስ ፍግ፣ አንድ እፍኝ አፈር፣ እንዲ እየደረባችሁ እስከ 1 ሜትር። የቡና አተላ ይግባበት። ሥጋ፣ አጥንትና የባህር ዛፍ ቅጠል አይግባ። እርጥበቱ እንደተጨመቀ ጨርቅ ይሁን።

ረዘም ያለ እንጨት መሃሉ ላይ ሰክታችሁ ተዉት። በሳምንቱ መዝዛችሁ ንኩት፦ ሞቃትና ርጥብ ከሆነ ይሠራል፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ጨምሩ፣ ከሸተተ ገልብጡትና ገለባ ጨምሩ። በየወሩ ገልብጡት።

ደረጃ 8፦ ተከላ

የጎመንና የቆስጣ ችግኝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያለው፣ ቁመቱ የእጅ ጣት ያህል፣ ግንዱ ወፍራም ይሁን። ቅዳሜ ገበያ ስትገዙ ረጅሙን አትምረጡ፣ ረጅም ችግኝ ጥላ ውስጥ ያደገ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ይተኛል። ሥሩን አሳዩኝ በሉ።

ከሰዓት 10 ሰዓት በኋላ ትከሉ። ጉድጓዱን መጀመሪያ አጠጡ፣ ከዛ ችግኙን፣ ከዛ አፈሩን በጣት ጠበቅ፣ ከዛ ድጋሚ ትንሽ ውሃ። ለ4 ቀን በቀትር በቅርንጫፍ አስጠልሉት።

ጎመን በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ሰላጣ በ25፣ ቲማቲም በ50 ተራርቀው ይተከሉ። ነጭ ሽንኩርት ፍልቃቂውን ሹሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ በ10 ሴንቲ ሜትር። ካሮት ዘሩን እዛው መደቡ ላይ ዝሩት፣ የካሮት ችግኝ አፍልቶ ማዛወር ሥሩን መንታ ያደርገዋል። ሰላጣን ባንዴ አትዝሩ፣ በየ3 ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ፣ አለበለዚያ ባንድ ሳምንት ደርሶ ባንድ ሳምንት ያብባል።

ዛፍስ? ዛፍ አሁን አትትከሉ። ኮክም ዘይቱንም አቮካዶም ጌሾም ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው፣ ክረምቱን ሥር እንዲሰድበት። ጥቅምት ላይ የተተከለ ዛፍ እስከ ግንቦት በጀሪካን ነው የሚኖረው። ግንቦት ላይ 60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፣ የላይ አፈር ለብቻ የታች አፈር ለብቻ አስቀምጡ፣ ስትተክሉ የላዩን አፈር ከቆየ ፍግ ጋር ወደ ሥሩ መልሱ።

ደረጃ 9፦ ገንቦ ቅበሩ

ውሃ ለሚቸግረው ሰው ከዚ የተሻለ ዘዴ አላየሁም። ወደ ደባርቅ መውጫ ወለቃ ላይ ከሸክላ ሠሪዎቹ ከ5 እስከ 8 ሊትር የሚይዝ ገንቦ ወይ ማሰሮ ግዙ፣ ዋናው ነገር ያልተሟሸ ይሁን። የተሟሸ ሸክላ ዘይት ስለጠጣ ውሃ አያሳልፍም፣ ለወጥ ነው የሚሆነው።

1. ቤት ስታመጡ ውሃ ሙሉበት፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ውጪው ላብ ላብ ካለው ጥሩ ነው። ከሥሩ የሚንጠባጠብ ከሆነ ስንጥቅ አለበት፣ ምንም ካላለው ለዚ ሥራ አይሆንም።
2. መደቡ መሃል እስከ አንገቱ ቅበሩት፣ አፈሩን በዙሪያው በደንብ ጠቅጥቁ፣ አፈርና ሸክላ መነካካት አለባቸው።
3. ሙሉት፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ክደኑት።
4. ችግኞቹን በዙሪያው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ትከሉ። ሥራቸው ሸክላውን ፈልጎ ይሄዳል።
5. በየ2 ወይ 3 ቀኑ ሙሉት። ጭራሽ ደርቆ እንዲከርም አትተዉት።

ያልሰማሁት ነገር የለም፣ «ሃይላንድ በስተን ብንቀብርስ» የሚል አለ፣ ይሠራል ግን ቀዳዳው በጭቃ ይደፈናል፣ በየወሩ ማውጣት አለባችሁ።

በመጨረሻ መደቡን በሙሉ በጤፍ ጭድ ወይ በደረቅ ሳር ጉዝጓዝ ሸፍኑ፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ግንዱን ሳይነካ 3 ጣት ተዉለት። ምስጥ ያለበት ግቢ ከሆነ ስስ አድርጉትና በየሳምንቱ ገልጣችሁ እዩት።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ችግኙ በጠዋት ከሥሩ ተቆርጦ ከተገኘ፦ ቆራጭ ትል ነው። ከተቆረጠው ዙሪያ አፈሩን በ5 ሴንቲ ሜትር ጫር ጫር አድርጉ፣ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ፣ ግደሉት። በአዲሱ ችግኝ ዙሪያ ከወረቀት ብርጭቆ የተቆረጠ ቀለበት 3 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ አስገቡ።

የጎመን ቅጠል ተጨማዶ ከሥሩ ግራጫ ነገር ካለው፦ ክሽክሽ ነው። ለ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ማታ ማታ ከቅጠሉ ሥር እርጩ፣ ጠዋት በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ በ4 ቀኑ ድገሙ። አንድ ሁለት ቅጠል ብቻ ከሆነ ቀንጥሱና አቃጥሉት፣ ሳሙና አያስፈልግም።

ቲማቲም ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ካለና ቅጠሉ ከሥር ጀምሮ ከደረቀ፦ ምች ነው የምንለው። የታመመውን ቅጠል ቁረጡ፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት፣ ከላይ ማጠጣት አቁሙ፣ ሥሩን ብቻ። እዛው ቦታ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ቲማቲምም ድንችም አትትከሉ።

ቢጫ የሆነ ቅጠል ሁሉ ውሃ አጥቶ አደለም፦ ጣታችሁን 5 ሴንቲ ሜትር ክተቱ። ርጥብ ሆኖ ቢጫ ከሆነ ውሃ በዝቶበታል ወይ ሥሩ አየር አጥቷል፣ 4 ቀን አታጠጡ፣ ዙሪያውን ኮትኩቱ። ደረቅ ከሆነ ብቻ አጠጡ።

ለበዓል የመጣ በግ፦ በየዓመቱ የሚደርስ ነው። አንድ ገና ዋዜማ በጉን አጥሩ ጋ አስረነው ገመዱ ሌሊት ተፈቶ ሲነጋ አንድ መደብ ጎመን የለም፣ ግንዱ ብቻ ቆሞ። ጎመን ግንዱ ካልተነቀለ በ3 ሳምንት መልሶ ያቆጠቁጣልና አትንቀሉት፣ የቆየ ፍግ ስጡትና አጠጡት። በጉን ግን ከነገመዱ ከግቢው በታች እሰሩ፣ መደቡንም በ1 ሜትር ሽቦ ወይ በእሾህ እጠሩ፣ ዶሮውንም ያቆማል።

ቧንቧው 2 ሳምንት ከጠፋ፦ ሁሉንም ለማዳን አትሞክሩ፣ ሁሉንም ታጣላችሁ። መጀመሪያ ሰላጣውን በሙሉ ልቀሙና ብሉት፣ ለጎረቤትም ስጡ፣ መደቡን ማጠጣት አቁሙ። ጎመኑን ከላይ 4 ቅጠል አስቀርታችሁ ሌላውን ቀንጥሱ፣ ቅጠል ሲያንስ የሚጠጣው ይቀንሳል። ጽጌረዳውን በግማሽ ግረዙት። አሁን ያለውን ውሃ ዘንድሮ ለተተከሉ ዛፎች ስጡ፣ ለአንዱ በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ ቀስ ብሎ ሥሩ ላይ፣ ከፀሐይ መግቢያ በኋላ። የተረፈው ወደ ገንቦዎቹ ይግባ። ጤና አዳሙንና የጥብስ ቅጠሉን አትንኳቸው፣ እነሱ ቧንቧው እስኪመጣ ይቆያሉ።